በጠርሙስ የተለካ ትጋት

እኛ ጠርሙሱ የምንለው ሰው የቁጥጥር ኃላፊያችን ነው። እናትና አባቱ ስም ሲያወጡለት ምን አስበው እንደነበር አላውቅም፤ እኛ ያወጣንለት ግን በልኩ የተሰፋ ነው። አንገቱ ቀጭን ነው፣ ሆዱ ወፈር ያለ ነው፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ከውጭ ይታያል። ጠዋት ጫማውን አስጠርጎ ይመጣል፤ ማታ ያው ጫማ እንደተጠረገ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምንጣፍ የሚያጥብ ድርጅት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ውሎ አንዲት ጠብታ ሳትነካው የሚወጣ ሰው እሱ ብቻ ነው። ይህንንም እንደ ሙያ ይቆጥረዋል።

እኔ አጣቢ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ድርጅታችን የትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን ምንጣፍ በኮንትራት ያጥባል። አምስት አጣቢዎች ነን፤ ሁላችንም ደረታችን ላይ ቁጥር ተለጥፎብናል። እኔ ቁጥር ሁለት ነኝ። ቁጥር አንድ ሯጩ የምንለው ጎልማሳ ነው፤ ማሽኑን ሲገፋ ላየው ሰው ከኋላው ውሻ የሚያሳድደው ይመስላል። ቁጥር አራት እታለም ናት። በዚያ ከንቱ ሰው ጀመርኩ እንጂ ነገሬ ሁሉ ስለ እሷ ነው።

እታለም የወጣላት ስም አይደለም። ጠርሙሱ አፉን ከፈታ ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው፤ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ሳታገባ ቀረች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ ልጅ ያላትን ማን ያገባል ብላ ትስቃለች፤ ልጅ የምትለው እሱን ነው። ይህንኑ ማሽን እየገፋች አስተማረችው፤ የሥራ አመራር የሚባለውን ተምሮ ተመረቀ። ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ አጥቶ ቤት ሲውል፣ ባለድርጅቱ በር ላይ ስድስት ጊዜ ቆማ ለምና ያስቀጠረችውም እሷው ናት። ይህን ውለታ እሷ አንድ ቀን አንስታው አታውቅም። እሷ ባታነሳው እኔ አነሳዋለሁ።

ኃላፊ ሆኖ በተሾመ በመጀመሪያው ቀን ዕቃ ቤት ውስጥ ሰብስቦን ስለ ውጤታማነት ሲያስረዳን ቆየ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ፣ "እርስዎ፣ ቁጥር አራት፣ ማሽንዎን ወደ ግድግዳው ያስጠጉልኝ" አላት። ክው አልኩ። አንቺ እያለ ያደገ ወንድም በአንድ ጀምበር እርስዎ ሲል ማክበሩ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ለዘመድ አላዳላም ማለቱ ነው፤ ከማዳላት ለመራቅ የመጀመሪያው ሥራው እህቱን ማራቅ ሆነ። እታለም ማሽኑን አስጠጋች። ማምሻውን አብረን ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ስንሄድ ሥራ ላይ ደንቡ እንዲህ ነው አለችኝ። እኔ አልጠየቅኳትም ነበር።

ሥራችን ሁለት ነው፤ ደረቁና እርጥቡ። መጀመሪያ ምንጣፉን በአቧራ መምጠጫው ቀስ ብሎ፣ በርዝመትም በአግድምም መምጠጥ አለ፤ ይህ ደረቁ ነው። ከዚያ በትልቁ ማሽን ሳሙና ያለው ሙቅ ውሃ ይረጭና መልሶ ይመጠጣል፤ የቆሸሸው ውሃ ከማሽኑ ጀርባ ያለ ታንክ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ እርጥቡ ነው። እርጥቡን ሲሠሩ ሰው ቆሞ ያያል፤ አረፋ አለው፣ ድምፅ አለው። ደረቁን ማንም አያይልህም። ጊዜ ይበላል፣ ጉልበት ይበላል፣ ስትጨርስ ምንጣፉ ስትጀምር የነበረውን ይመስላል። አብዛኛው ቆሻሻ የሚወጣው ግን በደረቁ ነው። እታለም ሥራ ስታስተምረኝ ደጋግማ የነገረችኝ ይህንን ነበር፤ ደረቁን ከዘለልሽ አቧራውን ጭቃ አድርገሽ ወደ ሥር ትሰጂዋለሽ፣ የላዩን ብቻ መጥጠሽ ትወጫለሽ ትለኝ ነበር።

ጠርሙሱ መጀመሪያ የለካን በካሬ ሜትር ነው። በሰዓት ስንት ካሬ እንደምናጥብ በደብተር ያዘ። በነጋታው ጠዋት ለኮሪደር ግፊያ ተጀመረ። ኮሪደር ላይ ወንበር የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ ማሽኑን ይዞ መንጎድ ነው። ሯጩ በአንድ ሳምንት የሁላችንን እጥፍ አጠበ ተባለለት። ወንበር የታጨቀበት ክፍል ሁሉ ለእታለም ተረፈ። እሷ ደግሞ ወንበሩን አንድ በአንድ አንስታ፣ ሥሩን አጥባ፣ እስኪደርቅ ጠብቃ ወደ ቦታው ትመልሳለች። በካሬ ሲታይ ተኝታ የዋለች መሰለች። ባለድርጅቱ ደብተሩን አይቶ፣ ፍጥነቱስ ይሁን፣ መንጻቱን በምን ነው የማውቀው ብሎ ጠየቀ። ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን በማየት የሚመለስ ጥያቄ ነበር። ጠርሙሱ ግን ጎንበስ ማለትን አልተማረም።

ሦስት ቀን ቢሮውን ዘግቶ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ባዶ የማርማላታ ጠርሙሶች በካርቶን ተሸክሞ ብቅ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እያንዳንዳችን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ወለላችንን ስንጨርስ ታንካችን ውስጥ ያለውን ውሃ አማስለን አንድ ጠርሙስ እንሞላለን፤ ቁጥራችን ያለበትን ወረቀት ለጥፈን ቢሮው መስኮት ሥር እንደረድራለን። እሱ በቀለም የሠራው ረጅም ወረቀት አለው፤ አንዱ ጫፍ ነጭ ነው፣ እየጠቆረ ሄዶ አሥር ቁጥር ላይ ከሰል ይሆናል። ወረቀቱን ከጠርሙሱ ጎን ያቆምና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ውሃው ከየትኛው ቁጥር ጋር እንደሚመሳሰል ይመዘግባል። ጥቁር ውሃ ያወጣ ብዙ ቆሻሻ አውጥቷል፤ ብዙ ቆሻሻ ያወጣ ትጉህ ነው። ስሌቱ ይኸው ነው።

ባለድርጅቱ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ቆሻሻ ምንጣፍ ውስጥ የለም ማለት ነው አለና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሁለቱም እርስ በርሳቸው ተደናነቁ። የሳምንቱ አንደኛ ፎቶው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል፣ ሦስት ሳምንት በተከታታይ መጨረሻ የወጣ ሠራተኛ እንዲሰናበት ተወሰነ። ውሳኔውን ያነበበልን ጠርሙሱ ነው፤ ሲያነብ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ አወፈረው።

ደረቁን የሠራ ሰው ውሃው እንደሚነጣ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። አቧራው አስቀድሞ መምጠጫው ከረጢት ውስጥ ገብቷል፤ ለውሃው ምን ይቀራል። ስለዚህ ሁላችንም ደረቁን እርግፍ አድርገን ተውነው። ቀጥታ ውሃውን አቧራው ላይ እየደፋን ጭቃውን እየመጠጥን ታንካችንን አጠቆርን። ሥራው በግማሽ ቀነሰ፣ ውጤቱ በእጥፍ አደገ። ያም አልበቃን። ሯጩ የተረፈ ሻይ ይጨምርበት ጀመር። እኔ ደግሞ ኮሪደር ላይ ካለች የአበባ ማሰሮ እፍኝ አፈር ዘግኜ ታንኬ ውስጥ በተንኩ። ዘጠኝ አገኘሁ፤ ፎቶዬ ተሰቀለ። ጥርሴን ገልፍጬ፣ ማሽኑን እንደ ሙሽራ አቅፌ የተነሳሁት ፎቶ ነው። ባየሁት ቁጥር ልተፋበት ያምረኛል፤ ያኔ ግን ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

እታለም ደረቁን አልተወችም። ጠርሙሷ መስኮቱ ሥር ከእኛዎቹ መካከል ቆሞ ሲታይ ስህተት ይመስል ነበር፤ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ይታያል። ሁለት አገኘች። በሁለተኛው ሳምንትም ሁለት። ሁለቱንም ጊዜ መጨረሻ መውጣቷን የነገራት ወንድሟ ነው፤ በእርስዎ ነው የነገራት፤ ተግተው እንዲሠሩ አሳስባለሁ ብሎም ጨመረበት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ማለት ይህ ነው። የቀራት አንድ ሳምንት ነበር። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ የቀኝ ጉልበቷ ደረጃ ስትወጣ ይሰማል፤ ከእኛ ዘንድ ከወጣች ደጃፉን የሚከፍትላት መሥሪያ ቤት እንደሌለ እሷም እኔም እናውቃለን።

ዕቃ ቤት ውስጥ ክንዷን ይዤ ለመንኳት። "አፈር ስሆን እታለም፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ደረቁን ተዪው።"

"ከተውኩት ምን ስሠራ ዋልኩ ልል ነው?" አለችኝ።

ለወንድሟ ሄደሽ አስረጂው አልኳት። አንድ ጊዜ ሞክራ ነበር፤ ቅሬታ በጽሑፍ ነው የሚቀርበው ብሎ መልሷታል። ይህን ስትነግረኝ አልተናደደችም። ልጁ ኃላፊነት ከብዶት ነው፣ ሰው አዳላ እንዳይለው ፈርቶ ነው እያለች ታባብለኝ ጀመር፤ እኔን ልታጽናና ማለት ነው። የሰው የዋህነት አንዳንዴ ደም ያፈላል።

የሦስተኛው ሳምንት አርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ጠርሙሶቹ ከማታው ተደርድረው አድረዋል። የኔን ወረቀት ከጥቁሩ ላይ ላጥኩና በእታለም ንጹሕ ውሃ ላይ ለጠፍኩት፤ የእሷን ከንጹሑ አንስቼ ጥቁሩ ላይ አደረግኩት። መጨረሻ መውጣት ለኔ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ከአንድ ወቀሳ በላይ አያመጣብኝም። ለአንድ ጊዜ በሕይወቴ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ተሰበሰብን። ባለድርጅቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጠርሙሱ ወረቀቱን እያቆመ፣ ዓይኑን እየጨፈነ ቁጥር አራት ላይ ደረሰ። ዘጠኝ። ደግሞ አየው፤ ዘጠኝ ነው። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ትከሻው ወረደ፣ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ አልተኛም። ያኔ ለአንዲት ደቂቃ ልራራለት ምንም አልቀረኝም ነበር። ፈገግ ብሎ የቁጥር አራትን ከፍተኛ መሻሻል ሊያበስር አፉን ሲከፍት እታለም እጇን አነሳች።

"ያ የኔ አይደለም" አለች። በጣቷ ወደ ንጹሑ ጠቆመች። "የኔ ያ ነው።"

"መለያው የእርስዎ ነው" አላት ጠርሙሱ። "ቁጥር አራት ይላል።"

"ወረቀቱ የኔ ይሆናል፤ ውሃው ግን የኔ አይደለም። እኔ እንዲህ ያለ ውሃ ካወጣሁ ምንጣፉን ሳልሠራው ወጥቻለሁ ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ይህን አትለጥፉብኝ።"

ባለድርጅቱ ወደ ጠርሙሱ አየ። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ማለት ይችል ነበር፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃው ነበር፤ የሦስት ዓመት ሕፃን እንኳ ለምን ማለት ያውቃል። ደብተሩን ገልጦ ዘጠኙን ሠረዘ፣ ሁለት ጻፈ። በደንቡ መሠረት ከዛሬ ጀምሮ የተሰናበቱ መሆኑን፣ ድርጅቱም ላበረከቱት አገልግሎት የሚያመሰግን መሆኑን ነገራት። እሷ ቁጥሩን ከደረቷ ላይ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ባለድርጅቱ መለያውን ማን እንደቀያየረው ጠየቀ። እኔ፣ ምላሴ ስለረዘመ ሰው ሁሉ ዝም በይ ሲለኝ የኖርኩት ሴትዮ፣ የጫማዬን ክር ሳጠብቅ ቆየሁ።

የእታለም ወለል ሦስተኛው ፎቅ ነበር፤ የአንድ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ ያለበት፣ ምንጣፉ የወተት ቀለም። ለሯጩ ተሰጠ። በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረሰው፤ እሷ ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር። ውሃው አሥር አገኘ። አዳራሹም ለዓይን ያበራ ነበር። ምንጣፉ ግን ገና እርጥብ ነው። በአራተኛው ቀን ሲደርቅ፣ ሥር የቀረው ጭቃ በክሩ እየተሳበ ሽቅብ ወጣ። ወንበር የቆመበት ሁሉ ቡናማ ክብ ሆነ፤ ከበሩ እስከ መድረኩ የሰው መሄጃ እንደ ገጠር መንገድ ተሰመረ። በሌሎቹ ወለሎችም እንዲህ ያለ ነገር ሲጀማምር አይተን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን አልፈነው ነበር። ወተት ላይ ግን ምን ይደበቃል።

የሕንፃው አስተዳዳሪ ባለድርጅቱን፣ ጠርሙሱንና እኔን አቁማ አንድ በአንድ አስቆጠረችን፤ ሃምሳ ሁለት ክብ። የምትናገረው ቀስ ብላ ነው፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ የት ሄደች ብላ ጠየቀች። እሷ ካልተመለሰች ውሉ በወሩ መጨረሻ እንደሚያበቃ ነግራን በሩን ከፍታ ቆመች። ጠርሙሱ ክቦቹን እንዳይረግጥ በጫማው ጫፍ እየዘለለ ወጣ።

ባለድርጅቱ በዚያው ቀን ወደ እህቱ ላከው። ብቻውን ለመሄድ ስለፈራ እኔን ይዞ ሄደ። እታለም ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ አገኘናት። እኔ ብሆን በሩን በአፍንጫው ላይ እዘጋበት ነበር። እሱ ቆሞ ቆሞ፣ "እታለም" አለ። ከስንት ወር በኋላ መሆኑ ነው።

"ምሳ በልተሃል?" አለችው።

ከዚህ በኋላ ማውራት የነበረበት እሱ ነው፤ ያወራችው ግን እሷ ናት። ስለ ክቦቹ ሳይነግራት ነገረችው፤ በስንተኛው ቀን እንደወጡ ሁሉ አወቀች። ደረቁ ሲዘለል ምን እንደሚሆን፣ ውሃ ለምን እንደሚጠቁር፣ ለምን እንደሚነጣ ለልጅ እንደሚያስረዱ አድርጋ አስረዳችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ቀድመህ ብትጠይቀኝ ቀድሜ እነግርህ ነበር አለችው። ለመመለስ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ያ አዳራሽ እንዲያ ሆኖ እያለ እንቅልፍ አይወስደኝም ብላ በነጋታው ገባች፤ ሦስት ቀን ተንበርክካ ሃምሳ ሁለቱን ክብ አወጣች። ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፤ ከኔም ጭምር።

አሁን ተማረ ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሰብስቦን አዲስ መመሪያ አነበበ። ካደረገችለት ማስረዳት ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረችው ግማሿ ብቻ ናት፤ ንጹሕ ውሃ ጥሩ ነው የምትለዋ። ወረቀቱን ገልብጦታል። ነጩ አሥር ሆነ፣ ከሰሉ አንድ። ጠርሙሶቹ ያው ናቸው፣ ሦስት ሳምንት መጨረሻ የወጣ ይሰናበታልም ያው ነው፣ የካሬ ሜትሩም ቁጥጥር አልቀረም። እታለም ፎቶዋን እንድትነሳ ተጠየቀች፤ አልነሳም አለች። ወረቀቱ ሲገለበጥ ስታይ ግን ፊቷ ቅጭም አለ። እኛ ቀጥሎ ምን እንደምንሠራ አስባ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ንጹሕ ውሃ ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ደረቁን በደንብ መሥራት ነው፤ ጊዜ ይፈጃል፣ በካሬ ያስቀራል። ሁለተኛው ደግሞ የቧንቧ ውሃ ነው። ሯጩ በመጀመሪያው ቀን ደረሰበት፤ ወለሉን እንደ ለመደው በጭቃ አዳርሶ ታንኩን መጸዳጃ ቤት ይደፋል፣ ጠርሙሱን ከቧንቧ ይሞላል፣ ሰው እንዳይጠረጥር ጠብታ ሳሙና ጣል ያደርግበታል። ቁጥር ሦስትና ቁጥር አምስት ተከተሉት። እኔ እስከ ረቡዕ ታገስኩ። ረቡዕ ዕለት ደከመኝ፣ ሰዓቱም ሄደብኝ፣ ከእታለም ሌላ ደረቁን የሚሠራም አጣሁ። ሳሙና እንኳ መጨመር ሰልችቶኝ ከቧንቧ ቀድቼ ቁጥሬን ለጠፍኩበት።

አርብ ጠዋት አምስት ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አራቱ ከመስኮቱ መስታወት ይልቅ የጠሩ ናቸው። አንዱ ብቻ ትንሽ ደፈረስ ብሏል፤ የምር ከምንጣፍ የወጣ ውሃ ምንም ቢሆን መደፍረሱ አይቀርም። ያ የእታለም ነው። ጠርሙሱ የተገለበጠውን ወረቀቱን እያቆመ መዘገበ። እኔ አሥር፣ ሯጩ አሥር፣ ሁለቱ ዘጠኝ ዘጠኝ። እህቱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። ስምንት፤ የመጨረሻ። ለዓመታት ያልታየ አጠቃላይ የጥራት ዕድገት መመዝገቡን ለባለድርጅቱ ገለጸ፤ ባለድርጅቱም ማጨብጨብ ጀመረ። እኛም አጨበጨብን። ምን ይደረግ፣ እጃችን ተነሳ።

እታለም ስታጨበጭብ አላየኋትም። ተነስታ ጉልበቷን እየጎተተች ወደ መስኮቱ ሄደች። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አልቸኮለችም። ከዚያ አንዱን አነሳች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ ወደ አፏ አስጠጋች።

"እታለም፣ ተይ" ብሎ ዘለለ ወንድሟ። ባለድርጅቱ ፊት፣ እኛ ሁላችን ፊት፣ በአንቺ። ደብተሩን ጥሎ ሲደርስባት ክንዷን ያዛት፤ ውሃው ጫማው ላይ ፈሰሰ። እሷ ግን ግማሹን ጠጥታው ነበር። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ሁላችንም እስክታስታውክ የምንጠብቅ መስለን ቆመናል። ሳል እንኳ አልመጣባትም።

የያዘችውን ጠርሙስ አዙራ ቁጥሩን አነበበች፤ ከዚያ ወደኔ ዞረች። ወደ ወንድሟ አይደለም፣ ወደ ባለድርጅቱም አይደለም፣ ቧንቧውን ወደፈለሰፈው ሯጭም አይደለም።

"እግዜር ይስጥሽ አንቺ ልጅ" አለችኝ። "ጠምቶኝ ነበር።"

ባዶውን ጠርሙስ ቦታው ላይ፣ ቁጥር ሁለት የሚለው ወደ ሰው እንዲዞር አድርጋ አስቀመጠችው። የአቧራ መምጠጫዋን ይዛ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣች። ጉልበቷ በየደረጃው ሲጮህ እስከ ላይ ሰማነው። ጠርሙሱ የእህቱን ክንድ የያዘበትን እጁን እያየ፣ በረጠበ ጫማው ቆሞ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሰለኝ፤ ይህንንም ሳልወድ ነው የምናገረው። ባለድርጅቱ ጠርሙሶቹን ሁሉ ሰብስቦ እንዲጥል አዘዘው፤ ደንቡም አብሮ ተጣለ። ፎቶዬን ያነሳው ግን የለም።

እኔ ወደ ቦታዬ ወርጄ የራሴን መምጠጫ ፈልጌ አገኘሁት፤ ከመጥረጊያዎቹ ኋላ ተሰንቅሯል። ልጀምር ብዬ ከረጢቱ ሞልቶ እንደሆነ ለማየት ከፈትኩት። ባዶ ነበር።